የእድር መዝገብ ፕሮግራም፦ የጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ለአባላት ውይይት

ሰብሳቢ (ደብረ ብርሃን)፦ ውድ አባላት፣ ለእድሮች የምንሠራው የመዝገብ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም (ኮምፒውተርን በሚያስነሱትና በሚመሩት ሁለት ሥርዓቶች) ይሠራል፤ መረጃው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ለሥራው 6 ወር ይዘናል፤ የመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ለሙከራ ናቸው። የሚታረመውን ጻፉ።

አባል (መሐል ሜዳ)፦ ጋሼ፣ ሙከራው ወደ መጨረሻ መገፋቱን አልቀበልም። ባለፈው ዓመት የሠራሁት ፕሮግራም በራሴ ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ወስጄ በአንድ እድር ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ስጭነው ጭራሽ አልከፈት አለ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ነበር፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ ፓይተን ደግሞ ከስሪት 3.9 ጀምሮ በእሱ ላይ አይሠራም። ጸሐፊው አባት መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው አጠገቤ ቆመው ነበር። ያን ቀን አልረሳውም። እባካችሁ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በእነዚያ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ እንሞክር።

ጸሐፊ፦ እህቴ ትክክል ነሽ። በረቂቁ ላይ ያለውን ኤሌክትሮን የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያም እናውጣው። ክሮሚየም የተባለውን የድረ ገጽ ማሰሻ አብሮ ስለሚሸከም ለደካማ ኮምፒውተር ይከብዳል፤ ከ23ኛው ስሪት ወዲህም ዊንዶውስ 7ን ትቷል። ፓይተን 3.8ን መስኮትና ቁልፎችን ከሚሠራልን ከኪዩት 5.15 ጋር ብንይዝ በሁሉም ላይ እንደርሳለን።

አባል (ሸዋ ሮቢት)፦ መብራት ሲጠፋስ? መዋጮ እየተመዘገበ ሳለ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቅለን መሞከር አለብን። መረጃውን የሚያስቀምጥልን ኤስኪውላይት ያላለቀውን ምዝገባ መልሶ ይሰርዛል፤ ይህን ግን በዓይናችን ሳናይ ለሰው ገንዘብ ዋስ መሆን አንችልም። ሌላም አለ፦ ሊኑክስ በፋይል ስም ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ አይለይም። በአንዱ የተገኘ ፋይል በሌላው ላይገኝ ይችላል።

አባል (አንኮበር)፦ የእኔ ጭንቀት የቀን አቆጣጠሩ ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ እድራችን ግን በጳጉሜን መዋጮ አይሰበስብም። ፕሮግራሙ 13ኛ ወር ብሎ በአባል ላይ ዕዳ እንዳይጽፍ! ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን የግድ እንሞክር። ስም ሲፈለግም «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው «ሀይሉ» ተብሎ ሲጻፍ መገኘት አለበት። ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥበት ዩኒኮድ «ኃ»ንና «ሀ»ን ለየብቻ ስለሚያያቸው ማስታረቁ የእኛ ሥራ ነው። የግዕዝ ፎንትም ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጫን፤ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል።

ሰብሳቢ፦ ሁሉንም ተቀብያለሁ። ረቂቁ ተስተካክሏል፦ ሙከራው ከ1ኛው ሳምንት ይጀምራል፤ የገመዱ፣ የጳጉሜንና የስም ፍለጋው ሙከራ ካላለፈ ፕሮግራሙ ለማንም አይሰጥም። የመሐል ሜዳውን ኮምፒውተር ማምጣት ይቻላል?

አባል (መሐል ሜዳ)፦ አይቻልም ጋሼ፣ አባት በየሳምንቱ ይሠሩበታል። በጣርማ በር በኩል እኛው እንሂድ። ለ3 ሰው የመጓጓዣ ወጪ ረቂቁ ላይ ይግባልኝ።