በበጎ ፈቃድ የምናካሂደው የፖለቲካ ቡድን በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ቀረ፤ ምን ትመክሩናላችሁ?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ከተማ የምንኖር መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የቤት እመቤቶችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰባስበን የመሠረትነው፣ በተራማጅ አስተሳሰብ ላይ የምንወያይበትና የከተማው አስተዳደር ለድሃው ነዋሪ እንዲያደላ የምንወተውትበት ትንሽ ቡድን አለን። ቢሮ የለንም፤ ደመወዝ የሚከፈለውም ሰው የለም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የውሃ ተራ በየሰፈሩ በግልጽ እንዲለጠፍ፣ ተከራዮች መብታቸውን እንዲያውቁ፣ የከተማው በጀት ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው እንዲሰማው።

ሲጀመር ቤቱ ሞልቶ ይተርፍ ነበር። አሁን ግን ስብሰባ የሚጠሩት፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፉት፣ ወረቀት የሚያባዙትና ስልክ የሚደውሉት ያው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው አባል ዓላማውን ባይጠላም «እናንተ አላችሁ» እያለ ይቀራል። በዚህ ላይ በሚመጣው ምርጫ ለመወዳደር ያሰበ አንድ ባለሀብት አዳራሽና የኅትመት ወጪ ልቻላችሁ ብሎናል። ከድካማችን የተነሣ እንቀበል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን።

የቅሬ ጸሐፊ (ወልድያ)፦

ወንድሜ፣ ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያሻችሁም፤ ቅሬያችንን (ሌላው እድር የሚለውን) ተመልከቱ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ የሚያመጣውና ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ተረኛው ቢታመም ተተኪው ይታወቃል፤ ስለዚህ የቅሬው ዳኛ (መሪው) በየቤቱ እየዞረ ሲለምን አታዩም። እናንተ ዘንድ የጎደለው ፍቅር ወይም እምነት አይመስለኝም፤ የጎደለው «ይህ የአንተ ሥራ ነው» ተብሎ የተሰጠ፣ አንድ ሰው ከኑሮው ሳይጣላ ሊሸከመው የሚችል ትንሽ ሥራ ነው። አንዱ አባል ለዐሥር ቤት ብቻ ይደውል፤ ሌላው ቃለ ጉባኤ ብቻ ይያዝ፤ ሌላዋ የመሰብሰቢያውን ቤት ቁልፍ ብቻ ትያዝ። ኃላፊነቱ ስድስት ወር ሲሞላው መዝገቡ በአባላት ፊት ተነቦ ለተተኪው ይተላለፍ፤ ለመልቀቅ የሚያፍር ሰው እንዳይኖር ቀኑ ከመጀመሪያው ይወሰን።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ገልጦ ማን እንደከፈለ፣ ስንት እንደወጣና ለምን እንደወጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሂሳቡ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ የሚቀባበረው ይህን በመሰለው ግልጽነት ጭምር ነው። ለቀረ ሰው ደግሞ መጠነኛ መቀጮ ይኑር።

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

የወንድማችንን ምክር አከብራለሁ፤ በመቀጮው ግን አልስማማም። ቅሬ የቀረን ሰው መቅጣት የሚችለው ነገ የዚያው ሰው ሐዘን እንደሚመጣ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው፤ ለፖለቲካ ቡድን መቀጮ ብታወጡ የቀረው ጭራሽ አይመለስም። ይልቅ ሰው ለምን እንደቀረ ጠይቁ። ስብሰባችሁ የሚጀመረው ከሥራ በኋላ በ12 ሰዓት ከሆነ፣ ልጅ ያላት እናት እራት ትታ እንድትመጣ እየጠየቃችኋት ነው። ዓርብ ቀትር የጁምዓ፣ እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት ነው፤ በእኛ አካባቢ ለሁሉም የሚመቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሌላው፣ ንግግር አታብዙ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላ እኛ ጽንሰ ሐሳብ መተንተኑን ትተን አዋጁን ይዘን ቡና ወደሚፈላበት ቤት መሄድ ጀመርን። አቦሉ ሲቀዳ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የሚለውን አነበብን፤ ቶናው ላይ ዘመኑ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም የሚለው ጋ ስንደርስ፣ እስከዚያ ዝም ብላ የቆየች አንዲት ተከራይ «እስቲ ድገሚልኝ» አለች፤ ደገምኩላት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። አዋጁ በየትኞቹ ከተሞች ሥራ ላይ እንደሚውል የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ተከራዮቹ ራሳቸው ጥያቄውን ጽፈው ለማቅረብ ተነሡ፤ ፊርማ የሚያሰባስቡትም እነርሱው ናቸው።

የበጀቱን ነገር ካነሣችሁ ደግሞ ጊዜውን አስተውሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጥያቄያችሁን በሰኔ ይዛችሁ ብትሄዱ ያለቀ ሰነድ ነው የሚጠብቃችሁ። በጥርና በየካቲት በየሰፈሩ ሰብስቡና ዕቅዱ ሲዘጋጅ አስገቡ።

ጠበቃ ነኝ (ደሴ)፦

ስለ ባለሀብቱ ግብዣ የሕጉን መልክ ላስረዳ። የመሰብሰብና የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 እና 31 ተደንግጓል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስለ ከተማ ጉዳይ መወያየት የማንንም ችሮታ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሕጋዊ ሰውነት ይኑረን ካላችሁ ግን ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ የሚመለከታችሁ የክልሉ ሕግ ስለሆነ በቅድሚያ እሱን አንብቡ። ፓርቲ እንሁን ካላችሁ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ሲወጣ ለክልላዊ ፓርቲ 4 ሺህ መሥራች አባላትን ጠይቋል፤ ይህ ለእናንተ ዓይነቱ ቡድን የሚታሰብ አይደለም።

እንግዲህ የአንድ ዕጩ ገንዘብ ተቀብላችሁ የነዋሪው ገለልተኛ ድምፅ ነን ማለት አትችሉም፤ ሁለቱ አይገጥሙም። በአደባባይ ሰልፍ ወይም የፖለቲካ ስብሰባ ማድረግ ብትፈልጉ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባችኋል፤ ደብዳቤውን ስታስገቡ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱበት።

የቀድሞ ተማሪ (ሐይቅ)፦

ልጆቼ፣ በ1965 ወሎ ሲራብ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን የሕዝቡን ሁኔታ ፎቶ አንሥተው አዲስ አበባ አሳይተው ነበር፤ መንግሥት የሸፈነውን ያጋለጠው ገጠር ወርዶ በዓይን የታየው ነገር ነው። ኋላ ግን ተራማጅ ነን ያልነው ወገኖች ስለ ገበሬው ከመነጋገር ይልቅ እርስ በርስ ማን የበለጠ ተራማጅ እንደሆነ ስንከራከር ኖርን፤ ክርክሩም ደም አፋሰሰ። በእናንተ ዝርዝር ላይ የውሃው ተራ መጀመሪያ መቀመጡን ወድጄዋለሁ፤ ከእሱ አትራቁ።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። የዕጩውን ግብዣ በአክብሮት እንመልሳለን፤ ስብሰባውንም ወደ ቅዳሜ ከሰዓት እናዞራለን። የሥራ ክፍፍሉን ስናረቅቅ አንድ ነገር አከራከረን፤ ገንዘብ ያዡ ከመሥራቾቹ መካከል ባይሆን ይሻላል ወይስ ለመጀመሪያው ስድስት ወር የለመደ ሰው ይያዘው? የወልድያው ወንድማችን ቅሬያችሁ ይህን እንዴት እንደሚወስን ቢያብራሩልን።

የቅሬ ጸሐፊ (ወልድያ)፦

እኛ ዘንድ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ከአንድ ቤት አይመረጡም፤ ገንዘብ ሲወጣም ዳኛውን ጨምሮ ሦስቱም ይፈርማሉ። ከመሥራቾች አንዱ ገንዘብ ቢይዝ ግድ የለም፤ ፊርማው ግን ለብቻው እንዳይበቃ አድርጉ።