ሻብሊና ሜርሶ፦ ፍሬው አንድ ከሆነ ጣዕሙ ለምን ተለያየ?

የጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል አስተናጋጅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ፈረንሳዊ ባልና ሚስት ቀረሶ ጥብስ አዘዙ። ወይን ሲመርጡ ሚስትየዋ «የሻብሊና የሜርሶ ልዩነት ምንድን ነው?» አለችኝ። ጠርሙሶቹን አገላብጬ አየሁ። «ሁለቱም ነጭ ናቸው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም፤ በጣም አፈርኩ። በመጨረሻ ሁለቱንም አዘዙ።

ማታ ሳነብ ሁለቱም ቡርጎኝ ከሚባል የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ሁለቱም ሻርዶኔ ከሚባል የወይን ዘር ይሠራሉ። የተረፈውን ቀመስኩት። ሻብሊው እንደ ሎሚ አፍ ያነቃል። ሜርሶው ወፈር ይላል፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አለቃዬ «ልዩነቱ ዋጋው ነው» አለኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የምታውቁ አስረዱኝ።

የዘጌ ልጅ፦
እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። እኔ ቡርጎኝ ውስጥ ሁለት መከር ወይን ለቅሜአለሁ።

መጀመሪያ አየሩ። ሻብሊ የቡርጎኝ ሰሜን ጫፍ ነው፤ ከሜርሶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርድ ነው። በብርድ አገር ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ኮምጣጣነቱም ሳይለቀው ይለቀማል። ሎሚ ያልሽው እሱ ነው። ብርዱ ግን ጠላትም ነው። በእነሱ ሚያዝያ እንቡጡ ሲፈነዳ ውርጭ ከመታው የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ያልቃል። በፈረንጆቹ 2021 ፈረንሳይን ክፉኛ መቷት ነበር። ገበሬው ሌሊቱን ሙሉ በየረድፉ መሃል ትልልቅ ሻማ እያበራ ያድራል። ባዶ የሻማ ቆርቆሮዎች ማሳው ዳር ተደርድረው አይቻለሁ፤ ጥቀርሻቸው እጅ ላይ ይቀራል።

ቦታውም አለ። የሻብሊ ምርጦቹ ሰባት ማሳዎች አንድ ኮረብታ ላይ ናቸው፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረው የከሰዓት ፀሐይ ይሞቃሉ። የሜርሶ ተዳፋት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያያል፣ የጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። የሻብሊን ነጭ ድንጋይ ብታነሺ የጥፍር ያህል የባሕር ዛጎል ታትሞበት ታገኛለሽ፤ ድሮ ባሕር ነበር። «ወይኑ የዛጎል ጣዕም አለው» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ሥር ድንጋይ አይበላም። አፈሩ የሚጠቅመው የተረፈውን ውሃ አሳልፎ፣ ለድርቅ ቀን ጥቂት ስለሚያስቀር ነው።

ከዚያ ጠማቂው አለ። ሻብሊ ብዙውን ጊዜ በብረት ጋን ነው የሚጠመቀው፤ ብረት ምንም አይጨምርበትም። ሜርሶ 228 ሊትር በሚይዝ የእንጨት በርሜል ውስጥ ይፈላል። በርሜሉ ውስጡ በእሳት ይለበለባል። እናቶቻችን የጠላውን ጋን በወይራ እንደሚያጥኑት አስቢው። ከታች የሚዘቅጠውን የእርሾ አተላም አይጥሉትም፤ በዘንግ ያማስሉታል። ውፍረቱ ከዚያ ይመጣል። ኮምጣጣው የፖም አሲድ በባክቴሪያ ወደ ወተት አሲድ የሚለወጥበት ደረጃም አለ፤ የቅቤው ሽታ ከዚያ ነው። ሻብሊም ብዙ ጊዜ ያልፍበታል፤ በርሜልና አተላ ሲጨመርበት ግን ቅቤው ጎልቶ ይወጣል።

እኛ ዘጌ ቡናችን በዛፍ ጥላ ሥር ያድጋል፤ በጀንፈሉ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ያንኑ ፍሬ አጥበሽ ብታደርቂው ሲኒው ላይ ሌላ ቡና ነው። ለእንግዳሽ ይህን ብትነግሪያት ይበቃታል።

አባይ ማዶ፦
እኔ ደግሞ ስለ ሶተርን ልጨምር፤ ቦርዶ ከሚባል ሌላ የፈረንሳይ አካባቢ የሚመጣው ጣፋጭ ወይን። ሲሮን የሚባል ቀዝቃዛ ወንዝ ሞቅ ካለው ጋሮን ጋር ይገናኛል። በመፀው ጠዋት ጉም ይነሳል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ይገፈዋል። ጉሙ ቦትራይቲስ የሚባል ሻጋታ ያመጣል፣ ፀሐዩ ደግሞ ፍሬውን ያደርቀዋል። ፍሬው እንደ ዘቢብ ይጨማደድና ስኳሩ ይከማቻል። የደረሰውን ብቻ እየመረጡ፣ በየጊዜው እየተመለሱ ነው የሚለቅሙት። ሌላ ቦታ ሻጋታ ማለት ኪሳራ ነው።

የጣና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሁለቱንም እኩል አቀዝቅዘን ነው የምናቀርበው። ልክ ነው?

የዘጌ ልጅ፦
ሻብሊው ቀዝቀዝ ይበል፣ ለቀረሶው ይስማማል። ሜርሶውን ግን ከማቅረብሽ 20 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ከፍሪጅ አውጪው። በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይደበቃል።

የጣና ዳር፦
ዛሬ ሞከርኩት። ገና ከፍሪጅ ስቀዳው ምንም አልሸተተኝም ነበር። ቆይቼ ስመለስ የተቆላ ለውዝ ሸተተኝ። አለቃዬንም ጠርቼ አሸተትኩት።