«ሐሰተኞቹ ሰዎች» ወይስ «ሰው መሳዮች»?

ተርጓሚዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። በስኮትላንድ ሉዊስ ደሴት ስለቆሙት የካላኒሽ ድንጋዮች እየተረጎምኩ አንድ ቃል ላይ ቀረሁ። የአገሬው ሰው በቋንቋው፣ በጋይሊክ፣ «ፊር ቭሬጌ» ይላቸዋል። በተረቱ የደሴቲቱ ግዙፋን አንጠመቅም ቢሉ ቅዱስ ኪራን ድንጋይ አደረጋቸው። «ሐሰተኞቹ ሰዎች» ብዬ ጻፍኩ፤ እናቴ አንብባ «ምን ብለው ዋሹ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የቅኔ ልጅ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። ሐሰተኛ አፍ ያለው ነው። ድንጋይ ምን ይዋሻል? የሚሳሳተው ዓይን ነው። «ሰው መሳዮች» በያቸው።

ጎጃሜው፦ የለም የለም፣ «ሰው መሳይ በሸንጎ» እኮ ስድብ ነው!

የቅኔ ልጅ፦ እንዲያውም ለዚህ ይስማማል። 13ቱ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ መካከላቸው 4.8 ሜትር የሚረዝም አንድ አለ። ሸንጎ ከነዳኛው።

ተርጓሚዋ፦ ያየኋቸው ዝናብ እየመታቸው ነበር። ድንጋዩ ነጭና ጥቁር መስመር አለው፤ ከሩቅ ኩታ የደረበ ሰው ነው የሚመስለው። ደግሞ 1.5 ሜትር ያህል የረግረግ አፈር ውጧቸው ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1857 ተጠርጎ ነው ሙሉ ቁመታቸው የታየው። ከዚያ በፊት ያየ ሰው እስከ ወገቡ የተቀበረ ሰው ነው ያየው።

የኔታ፦ መጀመሪያ ጋይሊኩን እንመርምር። «ብሪያግ» ሐሰት ነው፤ «ቭሬጌ» ዘርፉ ነው፤ «የሐሰት» እንደ ማለት። በግእዝ «ሰብአ ሐሰት» ብትዪ ልክክ ይላል። ስለዚህ «የሐሰት ሰዎች»።

ጎጃሜው፦ የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «የሐሰት ምስክር»ም ዘርፍ ነው፤ ግን ይዋሻል። «የውሸት እንቅልፍ» ሲባል ነው እንቅልፉ የማይዋሸው። «የውሸት ሰዎች» ይሻላል።

ሥረ ቃል፦ ዋናውን ዘለላችሁት። ድንጋይና ደነገጠ አንድ ሥር ናቸው! የደነገጠ ሰው ባለበት ይደርቃል። ግዙፋኑም ደነገጡ፣ ድንጋይ ሆኑ። የሎጥን ሚስት አስቡ።

የኔታ፦ ልጄ፣ አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ስማኝ። የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት ሆነች እንጂ ድንጋይ አልሆነችም። ደነገጠ በግእዝ ደንገፀ ነው፤ ፀ ወደ ጠ ዞረ፣ እንደ ጸጕርና ጠጉር። ጠ የሥሩ ፊደል ናት። ከድንጋይ ላይ ማን ነቀላት? ደግሞ የድንጋይ ግእዙ እብን፣ የዐለት ኰኵሕ ነው፤ የጴጥሮስን ስም አስታውስ።

ሥረ ቃል፦ ኰኵሕን አላጣሁትም የኔታ። የእኔ ጥያቄ ስለ አማርኛው ነው፤ ድ፣ ን፣ ግ ሦስቱም በአጋጣሚ ገጠሙ?

ተርጓሚዋ፦ ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። «ሰው መሳዮች» ልበል ወይስ «የውሸት ሰዎች»?

የቅኔ ልጅ፦ የኔታ፣ ጸጕር በጸሎቱ ጸ ነው፤ ደንገፀ በፀሐዩ ፀ። እንዴት አንዱ ለሌላው ምሳሌ ይሆናል?