ክርክር፦ ግንባታ የሚጓተተው በተቋራጩ ነው ወይስ በባለቤቱ?

አወያይ፦ ቤተሰብ፣ ትናንት እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና ላይ የተጀመረውን ወደዚህ ላምጣው። አንዱ «ተቋራጮቻችን ማቀድ አይችሉም» አለ፤ ሌላው «ዕቅዱን የሚያበላሸው አሠሪው መሥሪያ ቤት ነው» አለ። እናንተስ?

የአዘዞ ልጅ፦ የምን ዕቅድ? ስኬጁል እኮ ለጨረታ ማሸነፊያ የሚሠራ ወረቀት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ገልጦ ያየዋል? ቅድመ ክፍያው እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። እሱን ተቀብሎ የሌላ ሳይት ዕዳ የሚዘጋበት ስንቱ ነው! መሠረቱ ተቆፍሮ ይቀርና ክረምት ላይ ልጆች ይዋኙበታል።

ፎርማኑ፦ ወንድሜ፣ እስቲ ወሩን እንቁጠር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የጎንደርን ሐምሌ ለአንተ አልነግርህም። በጀት ይለቀቃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ይገመገማል፣ የተሸነፈው ቅሬታ ያስገባል፤ ውል ሲፈረም ጥር ገብቷል። ደረቁን ወቅት ወረቀት በላው። ግንቦት ላይ ደግሞ «በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ፍጠን» ይመጣል። አንድ ሰኔ ዝናቡ እየወረደ፣ ላስቲክ ወጥረን የሕንፃ ኮለን (ምሰሶ) ሞልተናል። በዚያ ሕንፃ በር ሳልፍ ዛሬም ቀና ብዬ አላየውም።

የአዘዞ ልጅ፦ አያ ፎርማን፣ ክረምት ድንገተኛ እንግዳ ነው እንዴ? በየዓመቱ ይመጣል! ለዘገየ እኮ ውሉ ላይ ቅጣት አለ፤ በቀን 0.1 በመቶ፣ እስከ 10 በመቶ።

ፎርማኑ፦ ለእኔ አለ። የሠራሁበትን ክፍያ ሦስት ወር ላስጠበቀኝስ? ቅጣቱ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ፣ ነገም ሥራ የሚሰጠኝን መሥሪያ ቤት ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሁለታችሁም ብሩን ረሳችሁት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። በ2015 ዋጋ ሞልቶ ያሸነፈ ሰው ፌሮውን፣ የአርማታ ብረቱን፣ በምን ይግዛ? ግን ተቋራጩንም አልምረውም። አንድ አሠሪ ብቻ፣ አንድ ሳይት ብቻ፣ የሁለት ወር ደመወዝ እንኳ የማይሸፍን ካዝና ይዞ ትልቅ ጨረታ ይገባል። ለእኔ ስትራቴጂ ማለት «ይኼን አልገባም» ማለት መቻል ነው።

ፎርማኑ፦ እቴ፣ አልገባም ያልኩ ዕለት ግንበኞቼ ሌላ ጋ ይሄዳሉ። ጥሩ ግንበኛ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

የውሃ ወረፋ፦ የመገጭን ግድብስ? የከተማችን ውሃ የሚጠበቀው ከእሱ ነው፤ ከተጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ጦርነትም በመሐል ገባ። ለጦርነት የትኛው ስኬጁል ላይ መስመር አለ? እኛ ግን ጄሪካን ተሸክመን እንጠብቃለን።

የአዘዞ ልጅ፦ እሺ፣ ጦርነቱን ተውኩት። ታዲያ ዲዛይኑና የጨረታ ሰነዱ ክረምት ላይ ለምን አያልቅም? በጀቱ እንደተለቀቀ ጨረታው ይወጣ ነበር፤ ጥቅምት ላይ ይቆፈር ነበር። ነሐሴን መሐንዲሱ ቡና ሲጠጣ ነው የማየው።

መሐንዲሱ፦ አለሁ፣ እያነበብኩ ነው። ቡናውን የምጠጣው ዲዛይኑን የሚያጸድቅልኝ ሰው የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ነው።