4 የነበረው 11 ሆነ፤ ወረርሽኝ ነው ወይስ የሪፖርት ለውጥ?

የሰኞ ሪፖርት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በአንድ ከተማ የበሽታዎች ቅኝት ክፍል ሥራ ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው። 9 የጤና ተቋማትን እከታተላለሁ። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ቁጥር ይልኩልኛል፤ እኔ ደምሬ፣ ሰንጠረዡን ሞልቼ ወደ ላይ አሳልፋለሁ።

ባለፈው ሰኞ የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ረድፍ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ወትሮ በሳምንት 3 ወይም 4 ሰው ነው። አሁን 11። ሁለቴ ደመርኩት፤ ያው 11 ነው። 5ቱ የመጡት ሪፖርት መላክ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ሳምንቱን ከያዘ የግል ክሊኒክ ነው። 6ቱ ደግሞ ከሦስት የቆዩ ተቋማት። ከ6ቱ አንዷ የ6 ዓመት ልጅ ናት። ግሉኮስ ተሰክቶላት እንደተኛች መዝገብ ያዡ በስልክ ነግሮኛል።

አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። «የላብራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ወረርሽኝ የሚለው ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ» አሉኝ። ከክፋት አይደለም። ከዓመታት በፊት ያልተጣራ ወሬ ወጥቶ ሰው እንዴት እንደተሸበረ አጫውተውኛል፤ ይገባኛል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የታማሚዎቹን መኖሪያ ካርታ ላይ በነጥብ አስቀምጬ አየሁት። የተበታተነ ነው። አንድ ሰፈር ላይ የተከማቸ ነገር የለም። ይሄ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባኝ።

ቁጥሩ የጨመረው በሽታው ጨምሮ ነው ወይስ አዲሱ ክሊኒክ ስለገባ? በምን እለያለሁ? ላብራቶሪውን እየጠበቅኩ ዝም ብል ጥፋት ነው? በዚህ ሥራ የቆያችሁ እባካችሁ መልሱልኝ።

አሮጌ መዝገብ

እህቴ፣ እጅሽ መቆሙ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ደምሮ ያልፋል። እኔ በዚህ ሥራ 22 ዓመት ሆኖኛል፤ ደምሬ ያለፍኩባቸው ሳምንቶች ዛሬም ይቆጩኛል።

የመጀመሪያ ጥያቄሽ እዚያው ሰንጠረዥሽ ላይ በግማሽ ተመልሷል። አዲሱን ክሊኒክ ለጊዜው በእጅሽ ሸፍኚው። የቀሩት 8ቱ ድሮም ይልኩ ነበር፣ አሁንም ይልካሉ። ከእነሱ ብቻ 6 ሰው መጥቷል። ከወትሮው 3 እና 4 ጋር የሚወዳደረው ይሄ 6 ነው። እንግዲህ ጭማሪው ሁሉ የክሊኒኩ አይደለም ማለት ነው። ትንሽ ቁጥር በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ 6 ብቻውን ወረርሽኝ አያሰኝም። ተነስቶ ለመሄድ ግን ይበቃል። እግረ መንገድሽን ደግሞ ባለፉት ሳምንታት ስንቱ ተቋም እንደላከ እዪ። ያልላከ ተቋም ባዶ ሳጥኑ ውስጥ 0 ተሞልቶለት ከሆነ፣ የወትሮው 3 እና 4 ራሱ ልክ ላይሆን ይችላል። 0 ታማሚ ያለው «0» ብሎ መላክ አለበት፤ ዝምታ እንደ 0 አይቆጠርም።

ቀጥሎ ወደ መዝገቡ ሂጂ። በስልክ አይሆንም፤ ገጹን በዓይንሽ እዪው። አዲስ የገባ ክሊኒክ የኬዝ ትርጓሜውን፣ ማለትም ማን እንደ ታማሚ እንደሚቆጠር የሚለውን መስፈርት፣ በደንብ ሳይዝ ሊጀምር ይችላል። በዚህ ረድፍ ላይ ዋናው ስጋታችን ኮሌራ ነው። ወረርሽኝ ባልታወጀበት ቦታ በኮሌራ የሚጠረጠረው ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ አጣዳፊ ውኃማ ተቅማጥ የያዘውና ሰውነቱ ክፉኛ ፈሳሽ ያጣ፣ ወይም በዚያው ተቅማጥ የሞተ ሰው ነው። አጣዳፊ ውኃማ ተቅማጥ የምንለው በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የመጣ፣ ደም የሌለው ነው። ያ ክሊኒክ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ሁሉ ጽፎልሽ እንደሆነ በሩብ ሰዓት ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ያዢ። ዕድሜ፣ ፆታ፣ መኖሪያ፣ የሚውልበት ቦታ፣ ናሙና ተሰጥቷል ወይ፣ አሁን እንዴት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕመሙ የጀመረበት ቀንና ሰዓት። ሪፖርት የመጣበት ቀን የሚነግርሽ የወረቀቱን ጉዞ ብቻ ነው። ይሄን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ጤና ተቋም ቁጥር በአንድ ሳምንት ሦስት እጥፍ ሆነብኝ። መኪና አስነሳሁ፣ ክሎሪን አስጫንኩ፣ ሁለት ባልደረቦቼን ከሌላ ሥራ ነጠቅኩ። እዚያ ስንደርስ ለካ መዝገብ ያዡ ታሞ ከርሞ የሦስት ሳምንቱን በአንድ ቀን ልኮት ነው። ሕመሙ በጀመረበት ቀን ስንደረድረው በየሳምንቱ ያው የተለመደው ሆነ። የዚያን ቀን የተተወው ሥራ የአንድ ኩፍኝ ተጠርጣሪ ቤት መሄድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስንደርስ ጎረቤት ልጆች ትኩሳት ጀምሯቸዋል።

ላብራቶሪን በተመለከተ ከአለቃሽ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ወረርሽኝ የሚለውን ቃል ማቆየት ይቻላል። ማጣራቱን ግን ማቆየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ የሆነውን አስቢ። ጤና ቢሮውን ያባነኑት ከሥራና ከትምህርት የቀሩ ሠራተኞችና ተማሪዎች፣ እንዲሁም የተቅማጥ መድኃኒት ያለቀባቸው ፋርማሲዎች ነበሩ። ተሐዋሲው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ነው፤ ለይቶ ካልታዘዘ በተለመደው የአይነ ምድር ምርመራ አይገኝም። የቧንቧ ውኃ ይፈላ የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ብዙ ሰው ታሞ ነበር። በኋላ ሲገመት የታማሚው ቁጥር 403,000 ገደማ ሆነ።

የሐኪሞችን ስልክም ያዢ። እ.ኤ.አ. በ1999 የኒውዮርክ ጤና ቢሮ የዌስት ናይል ቫይረስን ዱካ የጀመረው ከአንዲት ሐኪም ስልክ ነው። የአንጎል ብግነት ያለባቸውና ጡንቻቸው ያልተለመደ ድካም ያሳየ ሁለት ታማሚዎች ገጥመዋት ደወለች፤ ሌላ ምንም አልነበረም። የትኛውም ሰንጠረዥ 2 ሰው አይቶ አይጮህም። ሐኪም ግን ገርሞት ይደውላል፣ የሚደውልለት ሰው ካወቀ።

የላብራቶሪ ጓዳ

አሮጌ መዝገብ ብዙውን ብለውታል። ከእኔ ወገን ያለውን ልጨምር።

ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። ወደ ላብራቶሪ በ2 ሰዓት ውስጥ የማይደርስ ከሆነ ካሪ ብሌር በሚባለው፣ ናሙናው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ማጓጓዣ ይግባ፤ በረዶ ውስጥ አይከተት፣ የኮሌራ ባክቴሪያ ቅዝቃዜ አይስማማውም። እኔ ዘንድ የሚደርሱት ናሙናዎች ግማሹ ደርቀው ነው የሚመጡት። ከዚያ «አልተገኘም» ብዬ እጽፋለሁ፣ ሰዉ ደግሞ «የለም» ብሎ ያነባል። እህቴ፣ ይሄ ልዩነት ልቤን ያሳምመዋል። የውጤት ወረቀት ሲመጣልሽ ስለ ናሙናው ሁኔታ ጠይቂ።

ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ፈጣን ምርመራው በደቂቃዎች ይደርሳል። ለማስጠንቀቂያ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ሰው የመጨረሻ ማረጋገጫ አድርገሽ ግን አትያዢው። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ የምትጠረጥሪውን በግልጽ ጻፊ። «ተቅማጥ» ብቻ ተብሎ ሲመጣ የትኛውን ልፈልግ?

ሕክምናው እኛን አይጠብቅም። ከባድ ኮሌራ ካልታከመ ከሚታመሙት እስከ ግማሹን ሊገድል ይችላል። ኦአርኤስ (በውኃ በጥብጠው የሚጠጡት ንጥረ ነገር) እና የደም ሥር ፈሳሽ በጊዜ ከደረሰ ግን የሚሞተው ከ100 ከአንድ ሰው በታች ነው። ያቺ ልጅ ግሉኮስ ላይ መሆኗን ስላነበብኩ ቀለል አለኝ።

ነጥብ በካርታ

የተበታተነ ካርታ ያልሽውን ብቻ ልመልስ።

ካርታሽ ላይ ያስቀመጥሽው የሚተኙበትን ነው። የከተማ ሰው ግን አንድ ቦታ ያድራል፣ ሌላ ቦታ ይውላል፣ ሦስተኛ ቦታ ይጠጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አካባቢ በኮሌራ የሞቱትን ሲያጠና በጣም የረዳው ከአካባቢው ውጭ የሞተች አንዲት ባል የሞተባት ሴት ናት። የምትኖረው ራቅ ብሎ ሃምፕስቴድ ነው፤ እዚያ ኮሌራ አልነበረም። የብሮድ ስትሪትን ውኃ ጣዕም ስለምትወድ ግን በየቀኑ ታስመጣ ነበር። ልትጠይቃት የመጣች የእህቷ ወይም የወንድሟ ልጅም ጠጥታ ስትመለስ በቤቷ ሞተች። በተቃራኒው እዚያው መንገድ ላይ ያለው ቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ከበሽታው ተርፈዋል። የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ብዙዎቹም ውኃ ሳይሆን የሚሰጣቸውን ቢራ ነው የሚጠጡት። በመኖሪያ ብቻ ያዘጋጀሽው ካርታ ያቺን ሴት እንደ ተራ ሩቅ ነጥብ ያልፋታል።

ስለዚህ ሁለተኛ ካርታ አዘጋጂ፤ የሚውሉበትን።

አንድ ነገር አደራ። ነጥቡን ቤቱ ላይ አድርገሽ ለማንም አትላኪ። በአንድ ስብሰባ ላይ ያሳየሁት ካርታ ማታውኑ በስልክ ሲዞር አግኝቼዋለሁ። የአንድ ቤተሰብ በር ከዚያ በኋላ ተዘጋ፤ ሰው መጠየቅ አቆመ፣ እነሱም ሐኪም ቤት መምጣት አቆሙ። ያ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን ከቢሮ የሚወጣ ካርታ ላይ ሰፈሩን ብቻ ነው የማቀልመው፤ ያንንም ከነዋሪው ብዛት ጋር አስልቼ።

የሰኞ ሪፖርት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያላችሁኝን አንድ በአንድ አደረግኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ክሊኒኩ ሄድኩ። ከ5ቱ 4ቱ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው፤ ቀለል ያለ ተቅማጥ ይዟቸው ታክመው በዚያው ቀን ቤታቸው ገብተዋል። መዝገብ ያዟ ትርጓሜውን የያዘ ወረቀት ደርሷት አያውቅም። ወረቀቱን ሰጠኋት፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ክሊኒኩ ሪፖርት መላክ ሲጀምር ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የቀሩት 7 ናቸው። ከአራት ተቋማት። ሕመማቸው የጀመረበትን ሳሰልፈው ከማክሰኞ ማታ እስከ ሐሙስ ማለዳ ውስጥ ገባ። ያልጠበቅኩት ነው። በሪፖርት ቀን ሲታይ ሳምንቱን ሙሉ ተበትኖ ነበር።

የሚውሉበትን ጠየቅኩ። 5ቱ አንድ የሕንፃ ግንባታ ቦታ ይሠራሉ፤ መኖሪያቸው አራት የተለያየ ሰፈር ነው። የ6 ዓመቷ ልጅ አባት እዚያው ይሠራል። እሱ አልታመመም። ማታ ሲመለስ ግን ከግንባታው ታንከር በጀሪካን ውኃ ይዞ ይገባል። ይሄን ሲነግረኝ የሃምፕስቴዷ ሴት ትዝ አለችኝ። ሰባተኛው ሰው ከቦታው ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላወቅኩም።

ለአለቃዬ አንድ ገጽ አድርጌ ወሰድኩላቸው። ወረርሽኝ የሚል ቃል የለበትም። መስመሮቹንና ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ብቻ ነው ያሳየኋቸው። ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና ራሳቸው ስልክ አነሱ። ውኃ ክፍሉ ዛሬውኑ የታንከሩን ክሎሪን ሊለካ ነው፤ ሠራተኞቹ ሌላ ውኃ ይቀርብላቸዋል። ከ4 ሰው ናሙና በካሪ ብሌር ተልኳል። ልጅቷ ግሉኮሱ ተነቅሎላት ኦአርኤስ በራሷ እየጠጣች ነው።

ጋሼ አሮጌ መዝገብ፣ ነገ ግንባታው ቦታ ልሄድ ነው። የታመሙትን ጠይቄ ጨርሻለሁ። ሌላ ምን ልያዝ?

አሮጌ መዝገብ

ጎበዝ ልጅ። ነገ ያልታመሙትን ጠይቂ። ከታንከሩ የጠጡ ስንት ናቸው፣ ከእነሱ ስንቱ ታመመ? ያልጠጡ ስንት ናቸው፣ ከእነሱስ? ይሄ ከሌለሽ ታንከሩን ጥርጣሬ ብቻ ነው የምትይው። የልጅቷ አባት ራሱ የት እንደሚጠጣ ጠይቂው። ታንከሩ በማን መኪና፣ ከየት እንደሚሞላ፣ በዚያ ሳምንት ሌላ የት እንዳራገፈ አጣሪ። ሰባተኛውን ሰው እዚያ ልታገኚው ትችያለሽ።

ኮሌራ ከሆነ ተሐዋሲው ከገባ ከ12 ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ነው ሕመሙ የሚታየው። ታንከሩ ዛሬ ቢዘጋ እንኳ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አዲስ ታማሚ ሊመጣ ስለሚችል አትደናገጪ። 9ኙም ተቋማት ሰኞን ሳይጠብቁ በየቀኑ እንዲደውሉልሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ 0 ቢሆንም ይደውሉ።

የሰኞ ሪፖርት (ጠያቂ)

ለ9ኙም ደውዬ ነግሬያለሁ። 7ቱ ዛሬ 0 ብለዋል፣ አንዱ 1። የቀረው ስልክ አያነሳም፤ ጠዋት መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የማልፈው።