ካውንቲው ለፖሊሶቹ አዲስ ሽጉጥ ሊገዛ ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቅ?

እመ ዮናስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን የካውንቲያችንን የበጀት ረቂቅ ሳገላብጥ ነበር። የገባሁት የልጆቹን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጉዳይ ፍለጋ ነው። ፖሊስ የሚለው ምዕራፍ ጋ ስደርስ ግን አንድ መስመር ዓይኔን ያዘው። ለሁሉም ፖሊሶች አዲስ ሽጉጥ ይገዛል፣ አሮጌው ለሻጩ ተመልሶ ከዋጋው ይቀነሳል ይላል። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

አሁን ያለው ሽጉጥ ምን ሆነ? አብዛኛው ፖሊስ መንገድ ላይ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ጡረታ ይወጣል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ምኑ አልቆ ነው? ለምንስ ሁሌ ግሎክ የሚባለው ሽጉጥ ብቻ? ጨረታ የሚባል ነገር የለም? አሮጌው ተመልሶ የት ይገባል?

የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን ደርሷል። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጡት። ፖሊስ ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም፤ ሌሊት በሬ ሲንኳኳ የምደውለው ለነሱ ነው። ግን ገንዘቡ የኛ ነው። ተነስቼ የማይረባ ነገር ቀባጥሬ መቀመጥ አልፈልግም። የምታውቁ እርዱኝ።

ሸገር በሜሪላንድ፦

እመ ዮናስ፣ ሽጉጥ በልዋጭ ነው የምትዪው? «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ ግሎክ የተሸከመ ሰውዬ በሰፈሬ ሲያልፍ ታየኝ እኮ። ሳፋ ቢሰጡን አይሻልም? ቁም ነገሩን ግን ለሚያውቅ ልተወው። ጋሼ የግዥ ሰውዬው የት ጠፉ?

የግዥ ሰውዬው፦

አለሁ። እመ ዮናስ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ዕድሜዬን የፈጀሁት ግዥ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ፕሮፎርማ ስሰበስብ ኖርኩ። እዚህ ደግሞ ለአንድ ከተማ፣ ስሙ ይቆየን፣ ከእሳት አደጋ ቱቦ እስከ ፖሊስ ጥይት ገዝቻለሁ።

መጀመሪያ የሽጉጡን ዋጋ እርሺው። ስብሰባ ላይ ሁሉም ተነስቶ «አንዱ ስንት ነው?» ይላል። ፖሊስ መሥሪያ ቤት ግሎክ የሚገዛው በአራት መቶና በአምስት መቶ ዶላር መካከል ነው ብትዪ ብዙ አትሳሳቺም። ሱቅ ከምታዪው ይረክሳል። አንዱ ምክንያት፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሽጉጥ ላይ የሚጥለው 10 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ስቴትና ከተማ ለራሳቸው ሲገዙ አይከፈልም።

ገንዘቡ የሚፈሰው ከሽጉጡ ኋላ በሚመጣው ነው። አዲሱ ሽጉጥ ትንሽ ከሰፋ ወይም ከሥሩ መብራት ከተገጠመለት አሮጌው ሆልስተር፣ የሽጉጡ ማኅደር፣ አይቀበለውም። የፖሊስ ሆልስተር ደግሞ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ተራ ቆዳ አይደለም፤ ሌላ ሰው መንጭቆ እንዳያወጣው ቁልፍ በቁልፍ የሆነ ዕቃ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ላዩ ላይ ቀይ ነጥብ የምታሳይ ትንሽ መነጽር ይገጠማል። እሷ ብቻዋን የሽጉጡን ዋጋ ልታህል ትችላለች። ትርፍ የጥይት ካዝና አለ። የልምምድ ጥይት አለ። ፖሊሱ ተኩስ ሜዳ ሲውል ፈረቃውን ለሚሸፍንለት ሰው ኦቨርታይም አለ። እኛን ሁሌ ላብ በላብ የሚያደርገን ይኼ የመጨረሻው ነበር። በጀቱ ላይ «ሽጉጥ» ከሚለው መስመር ሥር አታገኚውም፤ ሌላ ገጽ ላይ ተበትኖ ነው የሚቀመጠው።

«ምኑ አለቀ?» ላልሽው፦ ማታ እንዲታይ ማነጣጠሪያው ውስጥ የሚገባው ትሪቲየም የሚባል፣ እንዲያበራ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው። ትሪቲየም ደግሞ በ12 ዓመት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ስፕሪንጉም ይደክማል። ስለዚህ በአስር ዓመት ገደማ መቀየር የተለመደ ነው፣ ቅንጦት አይባልም። ግን ማነጣጠሪያውንና ስፕሪንጉን ብቻ መቀየርም ይቻላል። «ይህን አስባችሁበታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያንቺ መብት ነው።

ለምን ግሎክ? ጋስቶን ግሎክ የመጋረጃ ዘንግና ቢላዋ የሚሠራ ኦስትሪያዊ ነበር። ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም። በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የኦስትሪያ ጦር ሽጉጡን ገዛው። አሜሪካ የገባው ግን በደም ቀን ነው ማለት ይቻላል። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ ውስጥ ስምንት የኤፍቢአይ ሰዎች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። አብዛኞቹ የያዙት ሪቮልቨር ነበር። ከዚያ በኋላ በየከተማው ያለ ፖሊስ ስድስት ጎራሹን ጥሎ ብዙ የሚጎርሰውን መፈለግ ጀመረ። ግሎክ አስራ ሰባት ይጎርሳል፣ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻጮቹ «አሮጌ ሪቮልቨራችሁን አምጡ፣ ከዋጋው እንቀንሳለን» አሉ። የዛሬው የበጀት መስመርሽ ሥሩ እዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዙሪያ ጥምጥም እዪው። ኤፍቢአይ 9 ሚሊሜትር ጥይት አነሰኝ ብሎ ወደ 10 ሚሊሜትር ሄደ። እሱ ደግሞ ሲተኮስ በጣም ይራገጣል ተባለ። በ1990 በመሃል የሚገኝ .40 የሚባል ጥይት መጣ፣ አገሩም እሱን ገዛ። በ2016 ኤፍቢአይ እስከ 85 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ከግሎክ ጋር ተፈራርሞ ተመልሶ 9 ሚሊሜትር ላይ አረፈ። ኤፍቢአይ በሄደበት ትንሹም ትልቁም ከተማ ተከትሎ ይነጉዳል። በነጎደ ቁጥር ሽጉጥ፣ ሆልስተር፣ ጥይት። ከፋዩ ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ጨረታ አለ። ግን ብዙ ጊዜ ካውንቲው የራሱን አያወጣም፤ ሌላ ስቴት ቀድሞ ባወጣው ጨረታና በገባው ውል ላይ ተደርቦ ይገዛል። ሕጋዊ ነው፣ ጊዜም ይቆጥባል። ጣጣው የሌላ ሰው ስፔክ፣ ማለትም የሚገዛው ዕቃ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ዝርዝር፣ አብሮ መምጣቱ ነው። የግዥ ጨዋታ ያለው ስፔኩ ላይ ነው። ስፔክ የጻፈ ሰው አሸናፊውን ግማሽ መንገድ አድርሶታል።

የራስን ጨረታ ማውጣትም ቢሆን ቀላል እንዳይመስልሽ። የአሜሪካ ጦር ለአንድ ሽጉጥ ከ350 ገጽ በላይ ሰነድ አዘጋጅቶ ነበር። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሚሊ በ2016 ለሙከራው ብቻ የተያዘውን 17 ሚሊዮን ዶላር ሲሰሙ፣ «ገንዘቡን ለኔ ስጡኝና ዛሬ ማታ ሱቅ ደውዬ ልግዛው» ዓይነት ነገር ተናግረዋል። እኔ ደግሞ በሆዴ ሳቅኩ፤ የግዥ ሰው ሁሉ ይህን ስድብ ያውቀዋል። በ2017 ሲግ ሳወር የሚባል ኩባንያ ፒ320 በሚባል ሽጉጡ አሸነፈ። የሱ ዋጋ 169 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ የግሎክ 272 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ግሎክ አቤት አለ፣ አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለሲቪልና ለፖሊስ የሚሸጠው ፒ320 ሲወድቅ ይተኩሳል የሚል ነገር ወጣ። የዳላስ ፖሊስ ለጊዜው አገደው፣ ኩባንያውም ማሻሻያ አቀረበ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ሚልዋኪ ሽጉጡን ትቶ ወደ ግሎክ ዞረ። በ2024 ፊላደልፊያ ላይ ጁሪ ለአንድ ከሳሽ 11 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። በ2025 የኢሚግሬሽን ፖሊሱ አይስም ከለከለው። ኩባንያው ቃታ ሳይሳብ አይተኩስም ብሎ አሁንም ይሟገታል። ማን ልክ እንደሆነ እኔ አልፈርድም። ግን ሽጉጡን ገና ሳያረጅ ለሁለተኛ ጊዜ የሚገዛ ከተማ በሽጉጥ ዋጋ ያተረፈውን መልሶ ከፍሏል።

ዘብ ነኝ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ አድርገው አስረዱን። እኔ ዲሲ ውስጥ በሽጉጥ ጥበቃ ነው የምሠራው። እመ ዮናስ፣ ሁለት ደቂቃሽን ሥልጠና ላይ አውዪው ባይ ነኝ።

እዚሁ ዲሲ የሆነውን ልንገርሽ። የከተማው ፖሊስ በ1988 ከሪቮልቨር ወደ ግሎክ ተዛወረ። ወዲያው በ1989 እና በ1990 ብዙ አዲስ ፖሊስ በጥድፊያ ተቀጠረ። ዋሽንግተን ፖስት በ1998 አጣርቶ እንዳወጣው በአስር ዓመት ውስጥ ከ120 ጊዜ በላይ ሽጉጥ ባርቋል። አስራ ዘጠኝ ፖሊሶች በስህተት ራሳቸውን ወይም ባልደረባቸውን መትተዋል። ብዙዎቹ የሚጠበቅባቸውን ልምምድ አልሠሩም ነበር። አንዱማ ተኩስ ሜዳ ሳይመጣ ብዙ ከመቆየቱ የተነሳ አሠልጣኞቹ ግሎኩ ውስጥ የሸረሪት ጎጆ አገኙ።

ለምን ይባርቃል? የሪቮልቨር ቃታ ረጅምና ከባድ ነው፤ ለመሳብ አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ጉልበት ይፈልጋል። የግሎክ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ከጎን በአውራ ጣት የሚዘጋ ሴፍቲም የለውም። ሌላው ደግሞ ለማጽዳት ስትፈቺው ቃታውን መሳብ ግድ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ነፍስ ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ ስላይዱ፣ ላይኛው ተንሸራታች ብረት፣ ይሳባል፣ ከዚያ ጥይቷ የምትገባበት ጉሮሮው ይታያል። ካዝናውን ሳያወጣ ስላይዱን የሳበ ሰው አንዷን ጥይት አስወጥቶ ሌላዋን አጉርሷል። ወጣች ብሎ ቃታውን ሲስብ... አለቀ። እኛን ያሠለጠነን ሽማግሌ ዓይን ብቻ አያምንም። ትንሿን ጣታችሁን አግቡና ዳስሱ ይለናል፣ በተለይ ሌሊት። የጣታችን ጫፍ በባሩድ ጠቁሮ ካልወጣ አልዳሰሳችሁም ብሎ ይቆጣል።

ቃታውን ማክበድ መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ። ኒውዮርክ አክብዶት ነበር፣ እንደ ሪቮልቨሩ። በ2012 ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ደጃፍ ሁለት ፖሊሶች አንድ ታጣቂ ላይ 16 ጥይት ተኮሱ፤ ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ። ከባድ ቃታ እጅ ያንቀጠቅጣል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። የትኛውም ቃታ ይሁን፣ በዓመት አንዴ ብቻ ተኩስ ሜዳ የሚሄድ ሰው ያው ነው። ስለዚህ «ለሽግግሩ ለአንድ ፖሊስ ስንት ሰዓት ልምምድ፣ ስንት ጥይት ያዛችሁ?» በያቸው። ቁጥር ካልመለሱልሽ አላሰቡበትም ማለት ነው።

እመ ዮናስ፦

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሸረሪቱን ነገር ሳነብ ባሌን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት። ግን ጋሼ፣ አሮጌው ሽጉጥ የት እንደሚገባ አልነገሩኝም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ልጆቼ የሚያድጉት እዚህ ነው።

የግዥ ሰውዬው፦

ለብቻው ላመጣው ብዬ ነው ያቆየሁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሻጩ ለእያንዳንዱ አሮጌ ሽጉጥ ይህን ያህል ብሎ ይገምታል፣ ከፋክቱሩ ላይ ይቀንሳል። ከዚያ ለጅምላ ነጋዴ፣ ነጋዴው ለሱቅ፣ ሱቁ ለፈለገ ሰው። የፖሊስ ሽጉጥ ገበያ ላይ ይወደዳል፤ ብዙ ተሸክመውት ጥቂት ነው የተተኮሰበት። ሕጋዊ ንግድ ነው። ግን ከ2006 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ከወንጀል ጋር ተያይዘው ከተገኙት ሽጉጦች ከ52 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአንድ ወቅት የፖሊስ ንብረት የነበሩ ናቸው። ይህ ከራሱ ከፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መዝገብ ነው የወጣው።

የቀድሞ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። «እኛ ብንጨፈልቀው ገዢው አዲስ ይገዛል፣ ምን ለወጥን?» ይላሉ። ክርክሩ አይጠፋኝም። ለኔ ግን የከተማ ማኅተም የነበረበት ሽጉጥ ነገ በአንድ ልጅ ሬሳ አጠገብ ቢገኝ፣ ያኔ የቀነስናት ጥቂት ዶላር ደስ አትለኝም። ምርጫው የኔ ቢሆን አስጨፈልቀው ነበር።

ማስጨፍለቅም የራሱ ተንኮል አለው። በ2023 እንደተጋለጠው አንዳንድ የማስወገድ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች ቁጥር የተቀረጸበትን አንድ ክፍል ብቻ ጨፍልቀው፣ አፈሙዙን፣ ስላይዱንና ሌላውን ዕቃ በኢንተርኔት ይሸጡ ነበር። በነጻ የሚያስወግዱትም ለዚህ ነው። ከተማው ደግሞ «ወድሟል» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ «አትመልሱ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ወዲያው ፖለቲካ ያደርጉብሻል። «የአሮጌው ግምት ከአዲሱ ዋጋ ተነጥሎ ለብቻው ይጻፍ» በይ። ተጣምሮ ሲጻፍ ማንም ስንት እንደሆነ አያየውም። ተነጥሎ ሲወጣ የምክር ቤቱ አባላት ገንዘቡን ቢተዉት ምን እንደሚያጡ በቁጥር ያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈሩት ያንሳል።

እመ ዮናስ፦

እንግዲህ ሦስት ነገር ጽፌአለሁ። የአሮጌው ግምት ተነጥሎ ይታይ። ከተወገደም ሙሉ ሽጉጡ ነው የሚጨፈለቀው ወይስ አንድ ክፍሉ? ለልምምድ ስንት ሰዓትና ስንት ጥይት ተያዘ? ጮክ ብዬ አንብቤው ሰዓት ስይዝ ሁለት ደቂቃው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጨረስኩ። ግሎክ ይሁን ሌላ የሚለውን ተውኩት።

የግዥ ሰውዬው፦

ጥሩ አድርገሻል። በቃል ተናግረሽ አትተዪው፣ በጽሑፍም አስገቢው። የጨረታ ሰነዱንና ውሉን ደግሞ በሕዝብ መዝገብ ጥያቄ ጠይቂ። የማን ውል ላይ እንደተደረቡ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፋል።