ክርክር፦ ለግንፍሌ ዳርቻ ዘንባባ ወይስ ዶቅማ?

የግንፍሌ ልጅ፦
ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ በየመንገዱ ዘንባባ እያየን ነው። ያምራል፣ አልክድም። የወንዝ ዳር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ያለው የግንፍሌ ዳርቻ ላይ ዶቅማ ይተከል ባይ ነኝ። የአገራችን ዛፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ እርጥብ መሬት ይወዳል። ነጭ አበባው ሲፈነዳ ንብ አይለየውም። ምን ትላላችሁ?

የፒያሳዋ እናት፦
ሐሳብህ ጥሩ ነው ልጄ። ግን ፍሬው ሲበስል ጠቁሮ ይረግፋል። ሲረገጥ ንጣፉን ያቀልመዋል። ማን ሊያጥበው ነው? ዝንቡስ?

የግንፍሌ ልጅ፦
እውነትዎን ነው እማማ፣ እግረኛ መንገድ ላይ አይሆንም። እኔ የምለው ሰው የማይሄድበትን ተዳፋት ነው። እዚያ ቢረግፍ ወፍ ይለቅመዋል።

የባሕር ዛፍ ጠበቃ፦
አገር በቀል፣ አገር በቀል ትላላችሁ። ይችን ከተማ ያቆያት ማን ሆነና? ማገዶ አልቆ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ ገባ፣ ቶሎ አደገ፣ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። እሱም እኮ የዶቅማ ዘመድ ነው። ዶቅማ እስኪያድግ ማን ይጠብቃል?

ችግኝ አፍይ፦
ዝምድናው ልክ ነው ወንድሜ። ዘይቱንም፣ በየግቢው ያለው ቀይ አበባ ቦትል ብራሽም ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ በብዛት ይስባል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ለማገዶና ለአጠና ተወዳዳሪ የለውም። ተዳፋት አፈር ለመያዝ ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ የሚያስኖር ዛፍ ነው የሚፈለገው።

እኔን የሚያሳስበኝ ዶቅማ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ዶቅማ አለመሆኑ ነው። ስትገዙ ቅጠሉን እዩ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ጥርስ የለውም። ለጋው ቀላ ይላል። ለጋ ቅርንጫፉን በጣታችሁ ብትዳስሱት ማዕዘን አለው። የጥቁር እንጨት ቅጠል ተራ በተራ ነው የሚወጣው፣ ጠርዙም ጥርስ ጥርስ አለው። የነጭ ባሕር ዛፍ ችግኝ ቅጠሉ ጥንድ ስለሆነ ያሳስታል። ግን አመድማ ነው፣ ሲታሽም ሽታው ራሱን ያጋልጣል።

የዶቅማን ዘር ደግሞ አድርቆ ለከርሞ ማስቀመጥ አይቻልም። ሲደርቅ ይሞታል። በደንብ የበሰለውን ፍሬ ልጣችሁ፣ ዘሩን አጥባችሁ፣ በዚያው ሰሞን ጥላ ሥር ዝሩት።

የባሕር ዛፍ ጠበቃ፦
እሺ። ግን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዶቅማ ይህን ብርድ ይችላል?

ችግኝ አፍይ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ዶቅማ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በሣራማው ሞቃት ቦታ የሚበቅል አለ፣ በከፍታ ቦታ ደን ውስጥ የሚያድግ አለ። ለእኛ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ዘሩ ከቆላ ከመጣ ድካሙ ከንቱ ነው።

የፒያሳዋ እናት፦
ተዳፋቱ ላይ ከሆነ አልቃወምም። ግን ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። በጋ ሲመጣ ማን ያጠጣዋል? ለዚህ መልስ ሳይኖር ዘንባባም ዶቅማም አንድ ነው።

የግንፍሌ ልጅ፦
ልክ ነዎት እማማ። እንግዲያው የምንጠይቀው ችግኝ ብቻ አይሁን። ችግኞቹ ሥር እስኪይዙ ድረስ በየበጋው የሚያጠጣ፣ ደመወዝ ያለው ሰው ይመደብ። ወጣቶቹ እዚሁ ሰፈር ሥራ ፈላጊ ናቸው።

የባሕር ዛፍ ጠበቃ፦
አጠጪ ከተመደበ ድምፄን ለተዳፋቱ ዶቅማ እሰጣለሁ። እንጦጦ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ግን አትንኩብኝ፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው።